በበረታችን ደጅ ስለ ተሰቀለው ሚዛን

በዚህ ዓመት ገዳማችንን ለመሳለም የመጣችሁ ምእመናን፣ በላሞቹ በረት ደጅ የተሰቀለውን ሚዛን አይታችሁ «አባቶች ደግሞ ምን ሊነግዱ ነው?» እንደ ተባባላችሁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በገዳም ሚዛን ቢኖር በእህል ጎተራ ነው እንጂ በላም በረት አይደለም። ይህ ሚዛን ደግሞ የተገዛው በዓረብ ኤምሬትስ በሚኖሩ ልጆቻችን ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ወሬው በየመንገዱ ያገኘውን እየጨመረ ሳይገሠግሥ ነገሩን ራሳችን ልንጽፈው ወደድን። ስንጽፍም ከሚዛኑ በፊት የሆነውን፣ እስከ ዛሬ በጽሑፍ ያላሰፈርነውን ነገር ጭምር ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በገዳሙ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ስለታቸው ሠምሮላቸው አንዲት ላም ከነጥጃዋ ሰጡን። የፎገራ ዝርያ ነበረች፤ መልኳ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ቡሬ እንላት ነበር። ወተቷ ለታመሙና ላረጁ አባቶች፣ ይልቁንም ለትንንሾቹ የአብነት ተማሪዎች ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ በመውጣቱ ድርቆሹ በየካቲት አለቀ፤ በግንቦት የቀረን የገብስ ገለባና ጥቂት ፉርሽካ ብቻ ሆነ። ቡሬ ከሳች፤ ወተቷም ከአንድ ጣሳ በታች ወረደ።

በዚያው ወራት አንድ የግብርና ባለሙያ በሰበካው ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ስለ መኖ ሲያስተምር ከዳር ቆመን አዳምጠን ነበር። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ገለባን እንደሚያበለጽግ፣ ላሚቱም ወተት እንደምትጨምር ሲናገር ሰማን። ከዚያ በኋላ ደወል ተደወለና ተነሥተን ሄድን። የትምህርቱን ራስ ሰምተን እግሩን ሳንሰማ ቀረን ማለት ነው። በማግሥቱ ከገዳሙ እርሻ ከተረፈው ማዳበሪያ ዘግነን፣ በውኃ በጥብጠን፣ በፉርሽካ ላይ አፍስሰን ለቡሬ አቀረብንላት። ርቧት ነበርና እስከ መጨረሻው ላሰችው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አረፋ ደፈቀች፤ ሆዷ ተነፋ፤ ወደቀች። የሠርክ ጸሎት ሳይደርስ ሞተች።

በዚህ ስፍራ «እኛ» የምንለው እንደ ልማዳችን ነው እንጂ ማኅበሩን ማለታችን አይደለም። ዩሪያውን የዘገነው እጅ ይህን ጽሑፍ የጻፈው እጅ ነው። ለባልቴቲቱ የነገርናቸው ግን «ድንገት ታመመች፣ እግዚአብሔር ወሰዳት» ብለን ነው። እርሳቸውም «የሰጠ ወሰደ» ብለው አጽናኑን። ጥፋተኛው ተጽናንቶ፣ የተበደለችው አጽናኝ ሆና ስድስት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ፣ በአቡዳቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ለአገልግሎት ጠርተውን ሄድን። በስልሳዎቹ ዕድሜ ለሚገኝ፣ ደጋ ለለመደ መነኵሴ የነሐሴ አቡዳቢ ቀላል አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ ደጅ የተቀበለን ነፋስ ምድጃ ሲከፈት የሚወጣውን ትንፋሽ ይመስላል። ስለ አገልግሎቱና ስለ ምእመናኑ ትጋት በሌላ ጊዜ እንጽፋለን። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው፣ ከምእመናኑ መካከል በአል ዐይን አቅራቢያ በሚገኝ የወተት ላሞች እርባታ መኖ በማደባለቅ የሚሠራ አንድ የወሎ ልጅ መኖሩ ነው። «አባታችን፣ እርስዎ በአገርዎ ላም ያረባሉ ሲሉ ሰማሁ፤ የእኛን ላሞች ሳያዩ አይሄዱም» ብሎ ለመነን። ከጾሙ ፍጻሜ በኋላ ወሰደን።

አል ዐይን ከአቡዳቢ ከተማ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ አሸዋ ለአሸዋ ሲሄድ ቆይቶ፣ ሐፊት የተባለው ተራራ ብቻውን ከሜዳ ተነሥቶ ሲታይ በሥሩ የተምር ዛፎች ጫካ ይገለጣል። «ዐይን» በዓረብኛ ምንጭም ማለት እንደ ሆነ ልጃችን ሲነግረን አልደነቀንም፤ በግእዛችንም ዐይን የሚታይበትም፣ ውኃ የሚፈልቅበትም ስም ነውና። ውኃውን ከተራራው ሥር በመሬት ውስጥ እየመሩ ወደ ተምሩ የሚያደርሱባቸውን የጥንት ቦዮች «ፈለጅ» ይሏቸዋል። ይህንም ስንሰማ «ፈለግ» የሚለው የግእዝ ቃላችን ትዝ አለን። እነዚህ ቦዮችና የተምር ስፍራዎች ከአካባቢው ጥንታዊ መቃብሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በዚያ አገር ብዙም አይጠፋም።

ቢሆንም አንድ ቃል አሳፈረን። የእርባታው ሐኪም ሱዳናዊ ነበሩ፤ በልጃችን አስተርጓሚነት ስንነጋገር እኛም እናውቃለን ለማለት ወደ አንዲት ላም እያመለከትን «ላሕም፣ ላሕም» አልን። ሐኪሙ ደንግጠው «የለም፣ እነዚህ ለወተት ናቸው» አሉ። ለካ በእነርሱ «ለሕም» ሥጋ ነው። ወዲያው ግን «ሐሊብ» ሲሉ ያለ አስተርጓሚ ተግባባን፤ ወተት በግእዝም ሐሊብ፣ በዓረብኛም ሐሊብ ነውና።

በኤምሬትስ ዘመናዊ የወተት ሥራ ብዙ ዕድሜ የለውም። አል ዐይን ፋርምስ የተባለው የአገሪቱ የመጀመሪያ የወተት ድርጅት የተቋቋመው በሼክ ዛይድ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሣር በሌለበት ላም ማርባት ምን ዓይነት ሐሳብ ነው ብለን በልባችን ጠየቅን። ድርቆሹ አልፋልፋ ከስፔንና ከአሜሪካ ጭምር በመርከብ ይመጣል፤ የከርሰ ምድር ውኃቸው እየተመናመነ ስለ ሆነ መኖ በብዛት ማብቀል አይመቻቸውም። መርከብ ቢዘገይ ልጆቻችን ወተት አያጡ ከሚል ፍርሃት የተወለደ ሥራ ነው ብለን ፍርሃቱን እንረዳለን፤ ነገር ግን ወተቱን ከመርከብ አድኖ መኖውን በመርከብ ማምጣት አሁንም በመርከብ መታሰር አይደለምን? ይህን ለሐኪሙ አልተናገርንም፤ እንግዳ ነበርንና።

ወደ በረቱ ስንገባ የጠበቅነው የላም ጩኸት ነበር፤ የሰማነው ግን የማራገቢያ ጩኸት ነው። ሰው የሚያህሉ ማራገቢያዎች ከጣሪያ ሥር ይዞራሉ፤ በየጥቂቱም ጉም የመሰለ ውኃ በላሞቹ ጀርባ ላይ ይረጫል። ከውጭ ሙቀቱ በጥላ 45 ዲግሪ ደርሶ ነበር። እነዚያ የሆልስታይን ላሞች ደግሞ የብርድ አገር ልጆች ናቸው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ይጀምራሉ። ላም በሆዷ ምድጃ አላት ይላሉ ሐኪሙ፤ በጨጓራዋ ውስጥ ለቁጥር የሚያዳግቱ ደቂቅ ሕዋሳት ገለባውን ሲያብላሉ ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ በሙቀት የተጨነቀች ላም መጀመሪያ የምታደርገው ምድጃዋን ማጥፋት፣ ማለትም መብላት መተው ነው። ወተቱ የሚጎድለውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

መኖ ማደባለቂያው ትልቅ መኪና ነው። በጎኑ የቁጥር ሰሌዳ አለ፤ የወሎው ልጃችን አልፋልፋውን፣ በቆሎውን፣ የአኩሪ አተሩን ፋጉሎ በየተራ ሲጨምር ሰሌዳው ኪሎውን ይቈጥራል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው አጠገብ የተደረደሩትን ከረጢቶች እየከፈተ ከእያንዳንዱ በትንንሽ ሚዛን እየመዘነ ጨመረ። እኛ ተጨማሪ የምንለው አንድ ነገር መስሎን ነበር፤ እያንዳንዱ ከረጢት ግን የራሱ ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ነጭ ዱቄት ዳቦ ጋጋሪዎች የሚያውቁት ሶዳ ነው፤ በዕብነ በረድ ቤት የተቀመጠ ምሥጢር መስሎን ነበር። ላም በቀን ከ100 ሊትር የሚበልጥ ምራቅ ታመነጫለች፤ በምራቋም ውስጥ ይኸው ሶዳ አለ፤ ስታመሰኳ የጨጓራዋን መኮምጠጥ የሚያበርደው እርሱ ነው። በሙቀት ስታለከልክ ግን ለሐጯ በመሬት ላይ ይፈስሳል፤ በትንፋሿ ብዛትም የደሟ ጠባይ ስለሚለወጥ ሶዳው በሽንት ይወጣል። በዚያ ላይ ገለባውን ትታ እህሉን ትመርጣለች፤ እህሉም ያኮመጥጣል። ስለዚህ ለአንዲት ላም በቀን ከ150 እስከ 250 ግራም ሶዳ ይሰጣታል፤ የጠፋባትን መመለስ ነው። ላም ስታልባት ከሰው ይልቅ ብዙ ፖታሲየም እንደምታጣም ሰማን፤ ለዚያም ሌላ ጨው አለ።

ሁለተኛው እርሾ ነው፤ ሕያው እርሾ፣ በቀን ጥቂት ግራም። በጨጓራ ውስጥ ገብቶ የቀረችውን አየር ስለሚጠቀምባት፣ አየር የማይስማማቸው ገለባ አብላዪ ሕዋሳት ይበረታሉ። ሦስተኛው ከዘንባባ ዘይትና ከካልሲየም የተሠራ ስብ ነው፤ በጨጓራ ሳይሟሟ አልፎ በአንጀት ይፈታል፤ ምድጃውን ሳያነድ ኃይል ይሰጣል። ሐኪሙ ግን ነጋዴ አልነበሩምና «እርሾው ሲሳካለት አንድ ሊትር ቢጨምር ነው፤ ባይሳካለት ምንም አይጨምርም» ብለው ነገሩን። 30 ሊትር ለምትሰጥ ላም አንድ ሊትር ዋጋ አለው፤ ላሞቹም ብዙ ናቸው።

አራተኛውን ከረጢት ስናይ እጃችንን አስገባን። «ይህስ አፈር ነው!» አልን። «አፈር ነው፣ አባታችን» አለ ልጃችን። ቦሌ ታወሰን፤ ከብቶቻችን የሚልሱት ጨው ያለበት አፈር። ይህ ግን ለጨውነቱ አልነበረም። ቤንቶናይት ይሉታል፤ በሻገተ እህል የሚፈጠረውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በጨጓራ ውስጥ ይዞ በእበት ያስወጣዋል። መርዙ ካልተያዘ በላሚቱ አልፎ ወደ ወተቱ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች፣ የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ እንደ ሆኑ አስነብቧል፤ ከመኖዎቹም ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። የእኛ ፋጉሎ ደግሞ በርጥብ መሬት ላይ፣ በጨለማ ጓዳ ውስጥ ተከምሮ ነበር። ያን ወተት የሚጠጡትን ሕፃናት እያሰብን ከከረጢቱ እጃችንን ማውጣት ረሳን።

በመጨረሻ ሐኪሙ ስለ እኛ ላሞች ጠየቁ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሊትር እንደሚሰጡ ነገርናቸው፤ በአገራችን የአገር ውስጥ ዝርያ ይህን ያህል ከሰጠች ሰነፍ አትባልም። «ውኃ በቀን ስንት ጊዜ ያገኛሉ?» አሉ። አንድ ጊዜ፣ ወደ ወንዝ ወርደው ይጠጣሉ አልን። ሐኪሙ ከረጢቶቹን በዐይናቸው ገረመሟቸውና «ከእነዚህ አንዱን እንኳ ይዘው እንዳይሄዱ። ወተት ከመቶ ሰማንያ ሰባት እጁ ውኃ ነው። ላሞችዎ የጠማቸው እርሾ አይደለም» አሉ።

ያን ጊዜ ስለ ቡሬ ጠየቅናቸው። የጠየቅነው ግን በፈሪ ሰው ልማድ «በአገራችን የአንድ ሰው ላም ዩሪያ በልታ ሞተች» ብለን ነው። በትዕግሥት አስረዱን። ዩሪያ በጨጓራ ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ ጥቂት በጥቂት ሲመጣ ሕዋሳቱ ይዘው ሥጋ ገንቢ ምግብ ያደርጉታል፤ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ግን ከእነርሱ አቅም ስለሚያልፍ ወደ ደም ይገባና ይገድላል። በውኃ ተበጥብጦ ለራባት ላም ከተሰጠ ከሁሉ የከፋ ነው። ፈጥኖ የደረሰ ሰው ብዙ ኮምጣጤ በቀዝቃዛ ውኃ ቢያጠጣት ልትድን ትችላለች። ገዳማችን ኮምጣጤ አላጣም ነበር፤ ያጣነው ዕውቀቱን ነው። ከዚያ ሐኪሙ «ያ ሰው ሚዛን ነበረው?» አሉ።

«አልነበረውም» አልን። ልጃችን ፊታችንን አይቶ ኖሮ ሌላ አልተረጐመም።

ወደ አቡዳቢ ስንመለስ ምእመናኑ ገንዘብ አዋጥተው ያንን ዱቄት ለገዳሙ ሊገዙልን ተዘጋጅተው ነበር። ዱቄቱ ቀርቶ የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከርና ሚዛን ይሁንልን አልናቸው። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ ሚዛን ለስጦታ የማያምር ነገር ነው።

በገዳማችን ስንነግራቸው አንድ ታላቅ አባት «ላም እግዚአብሔር ያዘዘላትን ሣር ትብላ፤ ዱቄት ምን ያደርግላታል?» አሉ። ንግግራቸው ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ለከብት አሞሌ ሲያልሱ፣ አተላ ሲያጠጡ፣ ወደ ሆራ ሲነዱ በሣሩ ላይ ሌላ ነገር መጨመራቸው ነበር። አተላው ከጠላው የተረፈ እርሾ ያለበት ነው፤ በአል ዐይን በከረጢት ያየነው የእርሱ ዘመድ ነው። ታላቁ አባት ሰምተው «እንግዲያውስ አተላውን አትድፉ» ብለው ነገሩን ጨረሱት።

አሁን በበረታችን የሚደረገው ይህ ነው። ውኃ ቀኑን ሙሉ በገንዳ አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ወተቱን ያነሣው ይኸው ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእያንዳንዷ ላም አንድ ሊትር ገደማ ጨመረ። ፋጉሎው በእንጨት መደብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቤት ተቀምጧል፤ የሻገተው ለዶሮም ሳይሰጥ ይቃጠላል። ገለባው በዩሪያ ይታከማል። አዎን፣ በዩሪያ። ባለሙያውን ፈልገን በዚያ ቀን ያልሰማነውን የትምህርቱን እግር ሰማን፤ ለአንድ ኩንታል ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ሟሙቶ ይረጫል፤ በጉድጓድ በላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን ይቆያል፤ ሲከፈት ሽታው እስኪወጣ ይናፈሳል፤ ላሞቹም ቀስ በቀስ ይለምዱታል፤ ጥጆች አይቀምሱትም። ዩሪያው የተቀመጠበት ሳጥን መክፈቻ በመጋቢው እጅ ነው። ያለ ሚዛን አይከፈትም።

ለገዳሙ መኖ ለማምጣት ለምታስቡ ተሳላሚዎች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ አንቀበልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ለወተት ላሞች ተፈቅዷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ለዕድገት ማፋጠኛነት እንዳይሰጥ ከ2006 ጀምሮ ከልክሏል። የእኛ ምክንያት ከሁለቱም ይቀልላል፤ ይህ ነገር ለፈረስ ወገን በጥቂቱም ገዳይ ነው፤ በቅሎዎቻችንም ከላሞቹ ገንዳ መስረቅ ልማዳቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄድን። ከሌላ ሰው አፍ፣ ይልቁንም ከወረቀት እንዲሰሙት አልወደድንም። አሁን ዐይናቸው ደክሟል፤ በድምፃችን ለይተው «አባ፣ ግቡ» አሉን። ቡና ሲያፈሉ ቆይተው ሁለተኛው ሲቀዳ ነገርናቸው፤ ዩሪያውን፣ ፉርሽካውን፣ «እግዚአብሔር ወሰዳት» ያልነውንም። ሲኒውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ከዚያ «አባ፣ ብዙ ተጨነቀች?» አሉ።

«አዎን፣ ተጨነቀች» አልናቸው።

«ከአጠገቧ ማን ነበር?»

«እኛ ነበርን። ራሷን ይዘን ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ቆይተውም ስለ ጥጃዋ ጠየቁን። ወይኒ ብለን እንደ ሰየምናት፣ ባለፈው ኅዳር ሁለተኛዋን እንደ ወለደች፣ በዚህ ሳምንት ጠዋትና ማታ አምስት ሊትር እንደ ታለበች ነገርናቸው። «በምን አወቃችሁት?» አሉ፤ ስለ ሚዛኑ ነገርናቸው። ለሚመጣው ቅዳሜ መርቶ የሚያመጣቸው ልጅ ካገኙ መጥተው በእጃቸው ሊዳስሷት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ልጁን እኛ እንልካለን።